ቅርጹ እኩል ላልሆነ የጥንት አልማዝ ማቀፊያ ሲመረጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠረቡት «ኦልድ ማይን» የሚባሉት አልማዞች ማዕዘናቸው የተድበለበለ አራት ማዕዘን የሚመስሉ ናቸው። ጠርዝ ማክበቢያው ማሽን በ1870ዎቹ ከመምጣቱ በፊት ጠራቢው የጥሬውን ድንጋይ ክብደት ላለማባከን ሲል ቅርጹን እየተከተለ በእጁና በዓይኑ ግምት ይሠራ ስለነበር፣ የአንዱ ጎን ልክ ከሌላው ጋር አይገጥምም። በገበያ የሚገኙት ዝግጁ ማቀፊያዎች፣ ማለትም ድንጋዩን ቀለበቱ ላይ የሚይዙት የብረት ክፍሎች፣ በአብዛኛው ለዘመናዊ አልማዝ የተለኩ በመሆናቸው ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ድንጋዩ ይነቃነቃል

ቀለበቱን ወደ ጆሮ አስጠግተው በጣት ቀስ አድርገው ሲመቱት የሚንኳኳ ድምፅ ካለው፣ ወይም ጥፍሮቹ (ድንጋዩን ከዳር ጨብጠው የሚይዙት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) የሹራብ ክር የሚስቡ ከሆነ፣ ድንጋዩ በሚገባ አልተያዘም። ብዙ ሰው ጥፍሩ ላልቷል ብሎ ያስጠብቀዋል። የጥንት አልማዝ ሲሆን ግን ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ወገቡ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚገናኙበት ጠርዝ፣ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል እንደ ስለት ቀጭን መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ወገብ በጥፍሮቹ ውስጥ በእኩል ከፍታ በተቆረጡ መቀመጫዎች ላይ ሲያርፍ የሚደገፈው በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ጥፍሮቹን ደጋግሞ ማጥበቅ ድምፁን ለጊዜው ቢያጠፋም ጫናውን በቀጭኑ ጠርዝ ላይ ያከማቻል። ስለዚህ ማቀፊያው ለዚያው ድንጋይ ተለክቶ መሠራት አለበት፤ አንጥረኛው የወገቡን ውፍረት በየአቅጣጫው ለክቶ የእያንዳንዱን ጥፍር መቀመጫ ለየብቻ ይቁረጥ። ጥልቀቱም ሊዘነጋ አይገባም፤ እነዚህ ድንጋዮች ወደ ታች ረዘም ስለሚሉ አጭር ማቀፊያ ውስጥ ሲገቡ ጫፋቸው ጣት ይነካል።

ጠርዙ ተሸርፏል

አልማዝ በሞስ መለኪያ 10 ቢሆንም ይህ የመጫር እንጂ የመመታት ጥንካሬ አይደለም፤ በአራት አቅጣጫዎች ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቀጭኑ ወገብ በጥፍር ግፊት እንኳ ሊሸረፍ ይችላል። ድንጋዩ ከመገጠሙ በፊት 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይመርመር። ጠርዙ ቀጭን ከሆነ ጥፍር ከመምረጥ ይልቅ ዙሪያውን ሙሉ የሚያቅፍ ክፈፍ ማሠራት ይሻላል፤ ጥቂት ብልጭታ ቢቀንስም በእኔ ግምት ይህ ኪሳራ አይደለም። ጥፍር የግድ ከሆነ ከፕላቲኒየም ወይም ከ18 ካራት ወርቅ ይሠራ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለመደው 21 ካራት 87.5 በመቶ ንጹሕ ወርቅ በመሆኑ ለቀጭን ጥፍር በጣም ለስላሳ ነው። አስቀድሞ ያለን ትንሽ ሽርፍ በጥፍር መሸፈን ይቻላል፤ ብረቱ ግን በሽርፉ ላይ መጫን የለበትም። ድንጋዩን እንደገና ማስጠረብ ክብደቱንም የዘመኑንም መልክ ስለሚያሳጣ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

መካከሉ ደብዝዟል

እዚህ ላይ መፍትሄው እንደ አጠራረቡ ይለያያል። ኦልድ ማይን ከሆነ የታችኛው ጫፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ስለተጠረበ ከላይ ሲታይ ትንሽ ክብ ይመስላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ብልጭታው ከቀነሰ በአብዛኛው ምክንያቱ ከሥሩ የተጠራቀመ ቅባት ስለሆነ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ማቀፊያ ተመርጦ በለብ ያለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። «ሮዝ» አጠራረብ ያለው ድንጋይ ግን ከታች ጠፍጣፋ በመሆኑ ብርሃኑ በውስጡ አልፎ ይሄዳል፤ ጀርባው ሲከፈት ይብስ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ጀርባው ዝግ፣ ከሥሩም የሚያብለጨልጭ ስስ ብረት ያለበት ማቀፊያ ይስማማዋል። ያ ስስ ብረት ውሃ ከነካው ስለሚጠቁር፣ ዝግ የሆነ የጥንት ቀለበት ፈጽሞ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍ።

ቢጫነቱ ጎልቷል

ነጭ ብረት የድንጋዩን ቢጫነት በንጽጽር ያጎላዋል፤ ቢጫ ወርቅ ያለሰልሰዋል።

ጠማማ ይመስላል

ድንጋዩ ረጅሙ መስመሩ ከጣቱ ጋር እንዲሄድ ካልተደረገ ዓይን ወዲያውኑ ያየዋል። ማቀፊያው ከመበየዱ በፊት ድንጋዩን በሰም ላይ አስቀምጦ፣ እያዞሩ ጣት ላይ ማየት ጥሩ ነው። በዙሪያው ትንንሽ አልማዞች እንዲደረደሩለት ከተፈለገ ድርድሩ የድንጋዩን ትክክለኛ ጠርዝ ይከተል፤ ፍጹም ክብ ከሆነ በአንድ በኩል ክፍተት ይተዋል፣ ጠማማነቱንም ያጋልጣል።