ዲጄና ባንድ በአንድ መድረክ፦ የኤሌክትሮኒክ፣ የሶልና የጃዝ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ምት የሚያጫውት ማሽን አይደክምም፣ አይቸኩልም። ድራመር ግን ሞቅ ሲለው ይፈጥናል። የዚህ ዓይነት ምሽት ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለዚህ ፖስተር ከማሠራታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፤ ምቱን የሚመራው ማነው?

ዘፈኖቹን በፍጥነት ደርድሩ

በዘውግ አትከፋፍሏቸው። ሶልና ፈንክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ90 እስከ 115 ምት ባለው ውስጥ ናቸው፤ ሃውስ 120ዎቹ አካባቢ ነው። ከዝግታው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ። በ124 ምት እየጨፈረ ያለን ሰው ድንገት ወደ 90 ብታወርዱት ዳንሱን ትቶ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል።

ማሽኑንና ድራመሩን አስማሙ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ማሽኑ የሚመራ ከሆነ ድራመሩ ክሊክ (ፍጥነቱን የሚቆጥርለትን ቲክ ቲክ ድምፅ) መስማት አለበት፤ ያውም ጆሮን በደንብ በሚደፍን ሄድፎን። ክሊኩን በመድረክ ስፒከር ከለቀቃችሁት ማይኮቹ ይለቅሙታል፣ አዳራሹ በሙሉ ቲክ ቲክ ሲል ያመሻል። ከደረቁ ቲክ ቲክ ይልቅ ደግሞ የሻከር ድምፅ ስጡት። ሙዚቃ ስለሚመስል አብሮት መጫወት ይቀለዋል።

ክሊክ ያልለመደ ድራመር ከሆነ ግን አታስጨንቁት። ጎበዝ የጃዝ ድራመር ክሊክ ሲታሰርበት ግትር ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ ምቱን እሱ ይምራ፤ ኤሌክትሮኒኩን የያዘው ሰው ድምፆቹን በፓድ (ሲመታ ድምፅ በሚያወጣ ሰሌዳ) ላይ በእጁ እየመታ ይከተለው። እኔን ብትጠይቁኝ ይሄኛው መንገድ የበለጠ ያስጨፍራል።

ርቀትንም አትናቁ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ተጫዋቹ 10 ሜትር ርቆ የቆመ ስፒከር እየሰማ ከተከተለ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ለዳንስ ሙዚቃ ይሄ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በአጠገቡ ሞኒተር (ወደ እሱ የዞረ ስፒከር) አስቀምጡለት።

ማሽኖቹን እርስ በርስ በሚዲ (የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች በሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ) ስታገናኙ መሪው አንድ ብቻ ይሁን። ሚዲ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ስላለ አሮጌው ድራም ማሽን ከአዲሱ ጋር ይግባባል።

ርክክቡና ቅኝቱ

ዲጄው ለባንዱ ሲያስረክብ ብዙ ሰው የማያስበው ችግር አለ። ሸክላ ሲፈጥን ቅኝቱም አብሮ ይወጣል። 6 በመቶ ገደማ ካፈጠናችሁት ቅኝቱ በአንድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ) ከፍ ይላል። 3 በመቶ ሲሆን ይብሳል፤ ሸክላው በሁለት ኖታ መሃል ይቀራል። ሳክስፎኑ በትክክል እየነፋ የተሳሳተው እሱ ይመስላል። ስለዚህ ባንዱ በላዩ ላይ የሚገባበት ዘፈን በራሱ ፍጥነት ይጫወት። በፋይል ከሆነ ቅኝቱን የሚይዘውን ቁልፍ ተጠቀሙ። ልምምድ ላይም ሙሉ ዘፈን ከምትደጋግሙ ይህችን ርክክብ ደጋግሟት።

ቤዙና ሳውንድ ቼኩ

ቤዝ ጊታርና ሲንት ቤዝ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚወጣው ቤዝ) በአንድ ጊዜ አይግቡ፤ ታችኛውን ድምፅ አንዱ ብቻ ይያዘው። የሸክላ ማጫወቻውን ከትልልቆቹ የቤዝ ስፒከሮች አርቁት። ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ይገባና ማጓራት ይጀምራል። ይሄ ከመጣ በሚክሰሩ ቁልፎች አትድከሙ፤ ማጫወቻው ያለበትን ጠረጴዛ ከቦታው አንሱ።

ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) የሚጀመረው መጨረሻ ላይ ከሚጫወተው ነው። መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ይሞክር፤ ዕቃው እንደተዘጋጀ ይቆይለታል።

ድምፁን ስትለኩ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ያወጣውን ልክ ያዙ፤ የ15 ደቂቃው አማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ። በር ላይ የጆሮ መድፈኛ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ጥንድ ለድምፅ ባለሙያው ስጡት፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው የሚቆመው እሱ ነው።