ክላሽ፣ ኤም 16 እና ኤም 14፦ ጥላሸቱ የት ነው? ዘይቱስ?

«ክላሽ ሳይወለወልም ይተኩሳል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሦስቱም ጠመንጃዎች ጥይቱን ከሚገፋው የባሩድ ጋዝ ጥቂት ቀንሰው፣ በዚያው ኃይል ቀለሁን ያወጡና ሌላ ጥይት ያጎርሳሉ። የሚለያዩት ጋዙ ጥላሸቱን በሚጥልበት ቦታ ነው፤ አወላወሉም የሚለየው በዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን ንቀሉ፤ ቀጥሎ ማቀባበያውን ስባችሁ የጎረሰ ጥይት ካለ አውጡ፤ ከዚያ ውስጡን በዓይን አይታችሁ በትንሽ ጣታችሁ ዳስሱ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን አጉርሷል።

ክላሽ ላይ ጋዙ የሚመታው ረጅሙን ፒስተን ስለሆነ ጥላሸቱ ከፊት ይቀራል፦ በፒስተኑ ጭንቅላትና በጋዝ ቱቦው ውስጥ። እነዚህን በደረቁ ወልውሉ፤ ዘይት ከተቀቡ ተቃጥሎ ይጋገርባቸዋል። ስስ ዘይት የሚያስፈልገው መዝጊያው በሚሽከረከርበትና በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ብቻ ነው። ፒስተኑ ሲነካ ትንሽ ይወዛወዛል፤ የተሠራው እንዲያ ነው፤ «ላጥብቀው» ብሎ መበየድ ጠመንጃውን መግደል ነው። ቱቦው ከተሰረጎደ ግን ፒስተኑን ይይዘዋል፣ መቀየር አለበት። በርሜሉ የሚወለወለው ከአፈሙዙ በኩል ስለሆነ፣ ሰደፉ ውስጥ ያለውን የመወልወያ ዕቃ ክዳን አፈሙዙ ላይ ግጠሙት። ዘንጉ በክዳኑ ቀዳዳ ካላለፈ የአፈሙዙን ጠርዝ እየፋቀ ዒላማ ያስታል።

ክላሽን ከጥላሸት ይልቅ የሚጎዳው ጨው ነው። የብዙዎቹ የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች መለኮሻ ሲቃጠል እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ውሃ ግን ያሟሟል። ስለዚህ በተተኮሰበት ዕለት በርሜሉን፣ ፒስተኑንና ቱቦውን በሙቅ የሳሙና ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ በርሜሉን ዘይት ቀቡ። በክሮም የተለበጠ በርሜል ጥቂት ቀን ቢታገስ እንኳ የፒስተኑ ማረፊያ አይታገስም።

ኤም 16 ፒስተን የለውም ማለት ይቻላል፤ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ መጥቶ ጥላሸቱን መዝጊያው ውስጥ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቬትናም ውስጥ ስሙ የጠፋው የባሩዱ ዓይነት በመለወጡ፣ የጥይት ማረፊያው በክሮም ባለመለበጡና «ራሱን ያጸዳል» ተብሎ መወልወያ ሳይታደል በመቅረቱ ነው። ስህተቶቹ በኋላ ሲታረሙ ጠመንጃውም ተሻሻለ። ክላሽ የለመደ ሰው ኤም 16ን አድርቆ ይይዘዋል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። መዝጊያው ሲተሻሽ የሚያብለጨልጭበት ቦታ ሁሉ በዘይት ይርጠብ፤ ሲቆሽሽ እንኳ ዘይት ከተጨመረለት ይሠራል።

መዝጊያው ላይ ያሉትን ሦስት ቀለበቶች ለመፈተሽ መዝጊያውን ወደ ፊት ስባችሁ ተሸካሚውን (መዝጊያውን የያዘውን ትልቁን ብረት) በመዝጊያው ፊት ላይ አቁሙት፤ በራሱ ክብደት ቁልቁል ከሰመጠ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ቀለህ ማረፊያው ውስጥ እየቀረ ካስቸገረ መጀመሪያ ማረፊያውን፣ ቀጥሎ የቀለህ መሳቢያውን ሞላ እዩ። ስትገጣጥሙ መዝጊያውን የሚያሽከረክረው ወፍራም ፒን አይረሳ፤ ያለ እሱ መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ቀጭኑን የጋዝ ቱቦ በሽቦ አትጎርጉሩት። ውሃ ውስጥ ከገባም አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ መዝጊያውን ጥቂት ክፈቱ፤ ጠባቡ በርሜል ውሃውን ይይዘዋልና።

ኤም 14 እና ከእሱ በፊት የነበረው ታላቅ ወንድሙ ኤም 1 ጋራንድ የሚፈልጉት ዘይት ሳይሆን ግሪስ ነው፦ በመዝጊያው ጉጦችና ማቀባበያው በሚሄድበት መስመር ላይ። የኤም 14 የጋዝ ፒስተን ግን ደረቅ ይሁን፤ ጠመንጃውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታጋድሉት ሲንሸራተት ኳ የሚል ድምፅ ካልተሰማ ተጣብቋል፣ ፈትታችሁ ወልውሉት።

የትኛውም ቢያነክስ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት ካዝናውን ቀይራችሁ ሞክሩ። ከንፈሩ የተጣመመ ወይም ሞላው የደከመ ካዝና ጥይቱን አስተካክሎ አያቀርብም። ካዝናዎቹን በቀለም ቁጥር ጻፉባቸው፤ ሁልጊዜ የሚያነክሰው ያው ቁጥር ከሆነ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም።