የቁልቢ መኪና ስትይዙ፦ ስለ ቀብድ፣ ስለ ስም ዝርዝርና ስለሚቀሩ ሰዎች

የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 የሰፈራችንን ሰው ሰብስቤ ቁልቢ ገብርኤል እሄዳለሁ። ስለዚህ መስኮቱን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። ከውስጥ ሆኜ «ገንዘቡ አይመለስም» ብያለሁ፣ ከውጭ ሆኜም «ኧረ በገብርኤል!» ብዬ ለምኛለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት 45 ሰው «እሄዳለሁ» ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜ 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ ያዝኩ። ቀኑ ሲደርስ የመጣው 31 ሰው ነው። ባለንብረቱ ያከራየኝ መኪናውን ነው፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ እሱን አያገባውም። ሙሉ ሒሳቡን ተቀበለኝ። የ14 ወንበር ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ብር ሳላይ ስም አልጽፍም። «እትዬ፣ እኔን መቼም ታውቂኛለሽ» የሚለኝ ብዙ ነው። አውቀዋለሁ፣ ግን አልጽፈውም።

መኪና ፍለጋ የምጀምረው ጥቅምት ላይ ነው። በቁልቢ ሳምንት ኮስተሩም፣ ሃይሩፉም፣ አገር አቋራጩም ወደዚያው ነው የሚሄደው፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ የወጣ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው፣ ያውም በውድ። ሃያ ምናምን ሰው ከሆናችሁ ኮስተር ይበቃችኋል። ባለንብረቱ የወንበር ቁጥር ሲነግራችሁ ግን «መተላለፊያው ላይ የሚዘረጋውን ጨምረህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአዲስ አበባ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያቺ ተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ገና አዳማ ሳይደርስ ያማርራችኋል።

ከደላላ ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ ገንዘብ አትስጡ። ሊብሬውን እዩ፣ ስሙ የማን እንደሆነ አንብቡ። የሚፈርመው ሌላ ሰው ከሆነ ውክልና ይኑረው። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ቀኑ አለማለፉን ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሼም ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ግን ብዙ ነው።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የመነሻ ቦታና ሰዓት ይጻፍበት። ነዳጁ በማን ነው? የፍጥነት መንገዱ ክፍያስ? የሾፌሩና የረዳቱ አበልና ማደሪያስ? ከቁልቢ ወደ ድሬዳዋ ወይም ሐረር መውረድ ካሰባችሁ እሱም ይጻፍ። ካልተጻፈ ሾፌሩ «ይሄ በውላችን የለም» ይላችኋል፤ ልክም ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ባለንብረቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ሌላ እንደሚልክም አስገቡ።

አሁን ወደ ቀብዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ቁጥር 1885ን አንብቡት። በሌላ መንገድ ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሁላችንም የመጀመሪያውን እናውቃለን፣ ሁለተኛውን ግን ባለንብረቶቹ አይነግሩንም። ለዚህ ነው ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል እንዲጻፍ የምጨቀጭቀው። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ክርክር ይነሳበታል።

ይህ ቁጥር አንዴ አውጥቶኛል። ሦስት ቀን ሲቀረን ባለንብረቱ ደወለና «መኪናው ጋራዥ ገባ፣ ቀብድሽን ውሰጂ» አለኝ። ጋራዥ አልገባም፣ የተሻለ የሚከፍል አግኝቶ ነው። አልጮህኩበትም። «እሺ፣ በ1885 መሠረት እጥፉን አዘጋጅልኝ» አልኩት። ዝም አለ። ማታውኑ ሌላ አውቶቡስ ፈልጎ አመጣልኝ። ከመጀመሪያው የተሻለ መጋረጃ ነበረው።

የነፍስ ወከፍ ዋጋውን ስታወጡ በጠቅላላው ወንበር አታካፍሉ። ለምሳሌ ውሉ 120,000 ብር፣ ወንበሩ 45 ይሁን። በ45 ስታካፍሉት 2,667 ብር ገደማ ነው። ስድስት ሰው ቢቀር 16,000 ብር ጎደላችሁ ማለት ነው። እኔ በ40 አካፍዬ 3,000 አደርገዋለሁ። የቀሩት አምስት ወንበሮች ከተሸጡ ገንዘቡ መጠባበቂያ ነው፣ ካልተሸጡም ማንም አልተጎዳም። ይህን ለተጓዦቹ በግልጽ ንገሩ። ካልነገራችሁ «እሷ ትርፍ በላች» የሚል ወሬ ከመኪናው ቀድሞ ቁልቢ ይገባል።

ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ ስም አታስገቡ። ዝርዝሩ ላይ ስም ከነአባት፣ ስልክ፣ የከፈለው መጠን፣ የወንበር ቁጥር፣ እና በድንገት የሚጠራ የቤተሰብ ስልክ ይኑር። ዝርዝሩ ሲሞላ መዝጋት የለም፣ «ተጠባባቂ» ብላችሁ አምስት ስድስት ሰው ጨምሩ።

የሚቀሩ ሰዎችን ነገር ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉት። የኔ ደንብ ይህ ነው፦ ከጉዞው 15 ቀን በፊት የቀረ ሰው ሙሉ ገንዘቡን ያገኛል። ከ15 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ የቀረ ግማሹን። ከዚያ በኋላ የቀረ ምንም አያገኝም። ከተጠባባቂ ሰው ከተተካ ግን በማንኛውም ቀን ሙሉው ይመለስለታል፤ ወንበሩ ባዶ ካልሄደ እኔ የምቀማው ነገር የለም። ተተኪው ግን በኔ በኩል ይገባል እንጂ ሰውየው ወንበሩን በራሱ አይሸጥም። አንዱ ወንበሩን ለጎረቤቱ በ4,000 ሸጦ አይተናል፣ ለቁልቢ ጉዞ!

ደንቡ የማይሠራበት ቦታ ለቅሶ ነው። እናቱ ያረፈችበትን ሰው «አምስት ቀን አልፏል» ብላችሁ ልትመልሱት አትችሉም። ሰፈር ውስጥ መኖር አለባችሁ። ለዚህ ነው የአምስቱ ወንበር ገንዘብ። ለሐዘንና ለታመመ ሰው ከዚያ እመልሳለሁ። «ሥራ ያዘኝ» ለሚል ግን አልመልስም። ሥራ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ይይዘዋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። የምንነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ 11፡00 ብላ ሞላች። ስልኳ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ጮኸ። ሌሊት ብንደውል ብንደውል አላነሳችም። እኛ አዋሽ ሻይ እየጠጣን ሳለ «የት ናችሁ?» ብላ ደወለች። አሁን ከውጭ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ እልካለሁ። ገንዘቧን አልመለስኩም፣ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

መንገዱን የማይችሉ አዛውንቶች ካሏችሁ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን መላክ ይቻላል። እዚያ ደንቡ ሌላ ነው። አየር መንገዶች ብዙውን ጊዜ ቡድን የሚሉት 10 ሰውና ከዚያ በላይ ነው። በአንድ ተራ ቡኪንግ የሚገባው እስከ 9 ስም ነው። የቡድን ዋጋ ስትጠይቁ ሦስት ቀኖች ይሰጧችኋል፦ የቀብድ፣ የስም ዝርዝር ማስገቢያና የትኬት መቁረጫ። አንዱ ካለፈ ቦታው ሊለቀቅባችሁ ይችላል። 10 ሆናችሁ አንድ ሰው ቢቀርባችሁ የቡድኑ ዋጋ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ጠይቁ። ስም ደግሞ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። እማማ በቤት ስማቸው ተመዝግበው ኤርፖርት በር ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ።

መመለሻውንም አስቡበት። ሲሄድ ጧፍና ጃንጥላ ብቻ የያዘ ሰው፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ደርሶ ሲመለስ ፖርቶመጋላው አይበቃውም። አዋሽ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ። የአንድ ሰው ጆንያ አርባ ሰው ያስቆማል። ስለዚህ ዕቃው የሚያስጠይቅ ሰው በራሱ ኃላፊነት እንደሆነ፣ መኪናውም እንደማይጠብቀው ከመነሳታችን በፊት በጽሑፍ አስፈርማለሁ።

በተመለስን በሁለተኛው ቀን ሒሳቡን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። ዘንድሮ 2,350 ብር ተረፈ። ጧፍ ይገዛበት የሚሉ አሉ፣ ለሾፌሩ ይሰጥ የሚሉም አሉ፣ ገና አልተስማሙም። ዘንድሮ ወንበር ያላገኙት ሁለት ተጠባባቂዎች ደግሞ «ለሐምሌ 19 ከፊት ጻፊን» ብለው ደውለውልኛል። ቀብዳችሁን ላኩ አልኳቸው።