ሐሙስ ማታ ተወስኖ ዓርብ ጠዋት የሚወጣ ጉዞ

"እስቲ የሆነ ቦታ እንውጣ" የምትለዋ ነገር ቡና ላይ ትጀመራለች፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትሞቃለች፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንዱ "እኔ ቅዳሜ ሥራ አለኝ" ይላል፣ ሌላው አንብቦ ዝም ይላል፣ ጠዋት ሁሉም አልጋው ላይ ነው። ብዙ ጉዞ እንዲህ ቀርቶብናል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሦስት ቀን የተያያዘ ዕረፍት በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በ2018 አድዋ ሰኞ ዋለ፣ የሠራተኞች ቀን ደግሞ ዓርብ። እንዲህ ዓይነቱ ሲመጣ ማለፍ የለበትም።

ድንገተኛ ጉዞ ብዙ ዕቅድ አይፈልግም። ሰውና ብሩ ማታውኑ ከተቆረጠ ሌላው መንገድ ላይ ይደርሳል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ያዥ ይሆናል፣ ግሩፑ ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በቴሌብር ያስገባ ይሄዳል፣ ያላስገባ አይሄድም። ኩርፊያ የለም፣ ልመናም የለም። ቁጥሩ ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ማደሪያና ምግብ ተደምሮ፣ ትንሽ መጠባበቂያ ተጨምሮበት፣ ለሰው የሚካፈል ነው። መኪናውን የሚያመጣው ልጅ ከነዳጅ መዋጮ ነፃ ይሁን፤ ጎማው ነው የሚበላው፣ ፍሬኑ ነው የሚያልቀው። "በኋላ እንተሳሰባለን" የሚባለውን ግን አትቀበሉ። ጓደኝነት ላይ ቅሬታ የሚጥለው እሱ ነው፤ የቸገረው ልጅ ካለ ደግሞ በግል አናግራችሁት ሸፍኑለት፣ ግሩፕ ላይ አይነሳ።

የሰው ቁጥር መኪናው በሚችለው ልክ ይሁን። ቪትዝ ከሆነ አራት። አምስተኛው ሲጨመር ከኋላ ያሉት ሦስቱ ገና ሞጆ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ይዝላል፣ ሻንጣውም እግራቸው ሥር ነው።

የት? ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የእኔ ምርጫ ላንጋኖ ነው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐዋሳ ግን ወደ 275 ይደርሳል። ሐዋሳን እወዳታለሁ፣ ግን በዓል ሲሆን አልጋ ሳይዙ መሄድ ከባድ ነው። ላንጋኖ ላይ ክፍል ቢሞላም ድንኳን መትከያ ቦታ የሚያከራዩ አሉ። ለማንኛውም ማታውኑ ደውላችሁ አረጋግጡ።

መኪናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘይትና የራዲያተር ውሃ ሁሉም ያያል፣ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ግን ማንም አያይም። አንዴ ከባቱ (ከዝዋይ) አለፍ ብለን የቀኝ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪክ አወጣን፣ መኪናውን አነሳን፣ ስኮርታውን ስናወርደው እሱም ነፋስ የለውም፣ በአውራ ጣት ስጫነው እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ገባ። ጎማውን በባጃጅ ጭነን ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለስን፣ ሦስት ሰዓት ሄደ። ጎማ ስታስነፉ እሱንም አስነፉ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪና ውስጥ መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ነዳጅ ሐሙስ ማታ ፉል አድርጉ፤ የበዓል ዋዜማ ሰልፍ ቢያስመርርም ጠዋት ከመሰለፍ ይሻላል። ቴሌብር ላይ ብር ይኑር፣ ጥሬ ብርም ያዙ።

የመንገዱን ሁኔታ በዚያ መስመር ከሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ። ይሄን አትዝለሉት። "ዛሬ እንዴት ነው?" ብትሉት ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ጥሩ አይደለም ካለ ይቅር።

ጠዋት 12 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ሁኑ። በፈጣኑ መንገድ መግቢያው ላይ ካርድ ትቀበላላችሁ፣ መውጫው ላይ ትከፍላላችሁ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው አዲሱ መንገድ እስከ መቂ 56፣ ከመቂ እስከ ባቱ ደግሞ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ይከብዳል፣ እንቅልፍም ይመጣል። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው እንቅልፍ የለበትም፣ ሥራው ማውራት ነው። ከባቱ በኋላ ጋሪ፣ አህያ፣ ከብት፣ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ አለ፤ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

ቁርስ ባቱ ላይ አሳ ነው፣ ሌላ ነገር አታስቡ። ሙሉው ቆሮሶ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ ይጠበሳል፣ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ስንጥቁን ተከትላችሁ በጣት ስትስቡት ነጩ ሥጋ ከአጥንቱ ለቆ ይመጣል። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ነካ። እጃችሁን ቶሎ አትታጠቡ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ሥጋ ይቀራል።

ጾሙን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሚያዝያ 23 ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ዓርብም ቢሆን አይጾምም። አድዋ ግን ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፣ በ2018 ረመዳንም አብሮ ነበር። አሳ ለጾም ይበላል የሚልና አይበላም የሚል አንድ መኪና ውስጥ ይኖራሉ። ክርክሩን ተዉት። ሽሮ የሚገኝበት ቤት ቁሙ፣ የሚያፈጥር ካለ ቴምርና ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

የባቱ ሐይቅ ላይ አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለው፣ ጉማሬም አለ። ላንጋኖ ግን ቡናማ መሆኑን አይታችሁ አትሽሹ፣ ቀለሙ ከደለሉ ነው፣ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። ጠዋት ጠዋት ዋኙ፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይኖራል። የጠጣ ሰው ውሃ አይግባ። አካባቢው ወባ ስላለበት የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትና ረጅም እጅጌ ያዙ። ማታ ላይ ስልኩን አስቀምጡና ውጭ ተቀመጡ። ከተማ ውስጥ ተገናኝተን የማናወራው ወሬ እዚያ ይወጣል፣ እኔ አንድ ጓደኛዬ ለዓመት የደበቀኝን ጭንቀት የሰማሁት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

መመለሻው እሑድ ከምሳ በፊት ይሁን። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ በሙሉ በዚያው መንገድ ይመለሳል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ አለመሆን ይሻላል። ፈጣኑ መንገድ ላይ መቆም ስለማይቻል ለቤት የሚገዛውን ቲማቲምና ሽንኩርት ባቱ ላይ ግዙ። የተረፈው መዋጮ ቱሉ ዲምቱ ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ ተቆጥሮ ለየሰዉ በቴሌብር ይመለስ፣ ሃያ ብርም ቢሆን።