የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ሞላ እንዴት ይስተካከላል

ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር መርፌው የሚዘልባችሁ ከሆነ፣ አዲስ መርፌ ከመግዛታችሁ በፊት ከታች ያሉትን ሞላዎች እዩ። የማወራው እ.ኤ.አ. በ1972 ስለወጣው ቶረንስ ቲዲ 160 ስለሚባለው ማጫወቻ ነው። ሌሎችም ብዙ ማጫወቻዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ይህ በሞላ ላይ የማንሳፈፍ አሠራር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የአሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ኤአር ማጫወቻ ነው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህንና መርፌውን የያዘው ክንድ በአንድ ሻንሲ (የውስጥ ብረት) ላይ ታስረው በሦስት ሞላ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ የሞተሩና የወለሉ ንዝረት መርፌው ጋ ሳይደርስ ይዳከማል። ይሄ የሚሆነው ግን ሻንሲው ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሲዘል ነው። ዋናው ግባችሁ እሱ ነው፣ ከፍታው ሁለተኛ ነው።

መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። የመርፌውን መከላከያ አድርጉ፣ ክንዱን ማረፊያው ላይ እሰሩ፣ ሁለቱንም ሳህኖች፣ ትልቁንና ከሥሩ ያለውን ትንሹን፣ አውጡ። በኩሽኔታው ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት ሲገለበጥ ስለሚፈስ አስቀድማችሁ በጥጥ አድርቁት፣ በኋላ አዲስ ታደርጉለታላችሁ።

አሁን ገልብጡትና የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ሦስት ብሎኖች፣ በየብሎኑ አንድ ሞላና አንድ ዳዶ ታያላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ሞላ ከየት እንደወጣም ቁጥር ጻፉበት። ሞላው ውስጥ ያለው ስፖንጅ በዚህ ዕድሜው ወይ ይጣበቃል ወይ ዱቄት ይሆናል። ጠርጋችሁ በአልኮል አጽዱትና በምትኩ ለስላሳ ስፖንጅ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከጠቀጠቃችሁት ሞላው ይደርቃል። ከሞላዎቹ ጋር ያሉት ጎሚኒዎች ከጠነከሩ ቀይሯቸው። ሞላውን ግን በእጅ እንዳትለጥጡት! አንዱ ከተጣመመ ሦስቱንም መቀየር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ከክንዱ የሚወጣውን ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ከሚንቀሳቀሰው ሻንሲ ተነስቶ ከማይንቀሳቀሰው ሳጥን ጋር ስለሚታሰር፣ ከተወጠረ ሻንሲውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ያኔ ዳዶውን ቀኑን ሙሉ ብታዞሩትም አይስተካከልም። በመሃል ላላ ያለ ቅስት ሠርቶ ምንም ሳይነካ እንዲንጠለጠል አድርጉት።

ቀጥሎ ማጫወቻውን እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት በርጩማዎች ላይ አቁሙት፣ እጃችሁ ከታች እንዲገባ። ሳጥኑን በውሃ ልክ አስተካክሉ። አዲሱን ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ ሳህኖቹን፣ ቺንጋውን፣ ምንጣፉንና አንድ ሸክላ መልሱ። ሳህኑ ብቻ ከ3 ኪሎ በላይ ስለሆነ ያለ ክብደት የተስተካከለ ሞላ ዋጋ የለውም። ዳዶውን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሳህኑ ከላይኛው ብረት ዙሪያውን እኩል እንዲርቅ አድርጉ፣ ስታጠብቁት ያ ጎን ከፍ ይላል። ከዚያ መሃል ላይ በጣት ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ልቀቁ። እየተወዛወዘ ከጠመዘዘ፣ ዳዶውን ትታችሁ ሞላውን ራሱን በቦታው ትንሽ ትንሽ አዙሩት። ሞላ ወደ ጎን የሚገፋበት አቅጣጫ ስላለው የሦስቱ ግፊት እስኪቻቻል መሞከር ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ሲገኝ ወዲያው ይታወቃል፤ ቀጥ ብሎ ይዘልና ቀስ እያለ ይቆማል።

አሁንም በእግር ኮቴ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የወለሉ ነው፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መደርደሪያ አስቀምጡት። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ሳህኖቹን አውጥታችሁ ሻንሲውን በጉዞ ብሎኖቹ እሰሩ።