ከመጽሐፉ ወጥቶ የሚደናገር የቼዝ ፕሮግራም፦ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ቡና እየተፈላ ቼዝ እንጫወታለን። ዝናቡ በርትቶ ተጋጣሚ የቀረበት ሰው እኔ ከጻፍሁት ፕሮግራም ጋር ይጋጠማል። የመክፈቻ መጽሐፉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጨዋታ ሲጀምር ራሱ ሳያስብ የሚከተላቸውን የተመዘገቡ እርምጃዎች፣ ከተዘጋጀ ፋይል አልቀዳሁትም፤ እያንዳንዱን እርምጃ ሰሌዳ ላይ አይቼ በእጄ አስገብቼዋለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲበላሽ የሚያሳየው ምልክት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ በጠረጠርነው ቦታ አይገኝም።

የሚያውቀው አሰላለፍ ይጠፋበታል

ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6፣ ነጭ ሲ4 የሚለው መስመር መጽሐፉ ውስጥ አለ (ፊደሉና ቁጥሩ ጠጠሩ የሚያርፍበት ቤት ነው፤ ጠጠሩ ካልተጠራ ወታደር ነው)። ተጋጣሚው በሲ4 ጀምሮ ዲ4ን ሲያስከትል ግን ፕሮግራሙ መጽሐፉን ትቶ በራሱ ማሰብ ይጀምራል። ሰሌዳው ላይ የቆመው አንድ ዓይነት ነው። ምክንያቱ መጽሐፉ የእርምጃ ቅደም ተከተል መያዙ ነው። መያዝ ያለበት አሰላለፉን ነው፦ የጠጠሮቹን ቦታ፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ የካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) መብትንና አንፓሳንን (ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ በወታደር መብላትን)። እነዚህን ወደ አንድ ቁልፍ፣ ማለትም አሰላለፉን ወደሚወክል ቁጥር፣ የሚቀይረውን ዘዴ አልበርት ዞብሪስት እ.ኤ.አ. በ1970 አቅርቦታል፤ ዛሬ የተለመደው ቁልፍ 64 ቢት ነው።

በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። እዚያ ማን ምን አስቀደመ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው አሰላለፉ ነው። መጽሐፉንም በዚህ ዓይን ማየት ይገባል።

ቁልፍ ሠርታችሁም ችግሩ ካልለቀቀ አንፓሳንን ተመልከቱ። እኔን ሁለት ሳምንት ያደከመኝ እሱ ነበር። በአንደኛው ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የተንቀሳቀሰው የሲ ወታደር ነው፣ በሌላው የዲ ወታደር። ፕሮግራሜ ሁለት ቤት የዘለለ ወታደር ባየ ቁጥር የአንፓሳን ቤት ይመዘግብ ነበር፤ አንዴ ሲ3፣ አንዴ ዲ3። አንዱ አሰላለፍ ሁለት ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። ፖሊግሎት የሚባለው የመክፈቻ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ደንብ ይህን ይፈታዋል፦ አንፓሳን ቁልፉ ውስጥ የሚገባው ከዘለለው ወታደር አጠገብ የተቃራኒ ወገን ወታደር ሲቆም ብቻ ነው።

ትናንት የሠራው ፋይል ዛሬ አይሠራም

ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ጠፍቶ ይሆናል። በፖሊግሎት አንድ መዝገብ 16 ባይት ነው፤ የፋይሉ መጠን ለ16 እኩል ካልተካፈለ ጫፉ ተቆርጧል። መፍትሄው በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ሲያበቃ ስሙን መቀየር ነው። መጠኑ ትክክል ሆኖ ፕሮግራሙ ምንም ካላገኘ፣ መዝገቦቹ በቁልፍ አልተደረደሩም ወይም የባይቶቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ ከፍተኛው ባይት ይቀድማል።

ካስሊንግ ላይ ሲደርስ እርምጃውን አይቀበልም

ፖሊግሎት ካስሊንግን የሚጽፈው ንጉሡ የራሱን ሩክ እንደሚበላ አድርጎ ነው፤ ከኢ1 ወደ ኤች1። ሲነበብ ወደ ጂ1 ቀይሩት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ።

ልትቀጡበት የጻፋችሁትን ስህተት ራሱ ይጫወታል

ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፤ ከዚያ ጥቁር ኢ5ን በኤፍ6 ይደግፋል። ዳሚያኖ የሚባለው ይህ መከላከያ ደካማ ስለሆነ ቅጣቱን አስገብቼ ነበር። ፈረሱ የኢ5ን ወታደር ይበላል፤ ጥቁር ፈረሱን ከበላ ንግሥቲቱ ኤች5 ወጥታ ቼክ ትላለች፤ በጂ6 ቢከላከል ኢ5 ላይ በልታ ንጉሡንና የኤች8ን ሩክ ባንድ ጊዜ ትይዛለች። አንድ ቅዳሜ ፕሮግራሙ ጥቁር ይዞ ያንኑ ኤፍ6 ሲጫወት ደነገጥሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መስመሩን ሳስገባ የሁለቱም ወገን እርምጃ እንደ ምክር ተመዝግቧል። ቁልፉ አሰላለፍ ስለሆነ የጥቁርን ኤፍ6 መሰረዝ፣ ከእሱ በኋላ ያለውን የነጭ መልስ ብቻ ማስቀረት ይበቃል።

መጽሐፉ ያለቀበት ቦታ ላይ ይደናገራል

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የኢቫንስን ጋምቢት አስገብቼ ነበር፦ ነጭ በአራተኛው እርምጃ በቢ4 ወታደር ይሰጣል፣ ጥቁር በቢሾፑ ይበላል፣ ሲ3 ሲመጣበት ወደ ኤ5 ይሸሻል። መስመሬ እዚያ አበቃ። ፕሮግራሙ ሲቆጥር አንድ ወታደር ጎድሎታል፤ ለምን እንደሰጠው አያውቅም። ማጥቃቱን ትቶ የጎደለውን ለማስመለስ ንግሥቲቱን ያንከራትታታል።

የመስመሩን ርዝመት በእርምጃ ቁጥር መወሰን አይጠቅምም፤ አሥር ሊበዛ፣ ሃያ ሊያንስ ይችላል። የመጨረሻውን አሰላለፍ ስጡትና መጽሐፉን ዘግታችሁ እንዲያስብ አድርጉት። የሚመርጠው እርምጃ ከመክፈቻው ዓላማ ጋር ከተስማማ መስመሩ እዚያ ይብቃ። ካልተስማማ፣ መበላላቱ ጋብ እስኪል አራዝሙት፤ ያም ካልሆነ መክፈቻው ምንም ቢወደድ ለዚያ ፕሮግራም አይሆነውም። እኔ ኢቫንስን ለመተው አልጨከንሁም፤ ዲ4ን፣ ከዚያም ካስሊንጉን ጨምሬ፣ የጥቁርን ዋና ዋና መልሶች በየተራ እያየሁ ቀጠልሁ። አሁን ንግሥቲቱ የምትወጣው ሥራ ሲኖራት ነው።