ሻንጣው ውስጥ አንድ ወረቀት ጣል አድርጉ

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስታገኙ፣ ለእናታችሁ ከጫማውና ከቫይታሚኑ ጋር አንድ ገጽ በእጃችሁ ጽፋችሁ ላኩ። በዋትስአፕ በየቀኑ ብታወሩም ይለያል። ስልክ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ወረቀቱ ግን ትራስ ሥር ይቀመጣል፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራ ይነበባል። "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል" ብላችሁ ጀምሩ። የድሮ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ እሷ የምትጠብቀው እሱን ነው።

ፊደሉን ተለቅ አድርጉት። በተራ እስክሪብቶ ይሁን፤ የጄል ቀለም ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ቀኑን ከነዓመተ ምህረቱ ጻፉ። የሥራውን ወሬ ለስልክ ተዉት። ይልቅ ትናንት ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱ እንዴት እንዳረረባችሁ ንገሯት። ፖስታውን አታሽጉት፤ የሚወስደው ሰው ኤርፖርት ላይ ቢጠየቅ ከፍቶ ያሳያል።